ያልተከፈለውን ደመወዝ ወደ አክሲዮን የለወጠው የሆኪ ተጫዋች፦ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ በአጭሩ

አንድ ሠራተኛ ለዓመታት የለፋበት ድርጅት ደመወዙን ሳይከፍለው ከሰረ እንበል። አብዛኛው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ፍርድ ቤት ወረፋ ይዞ የተረፈችውን ይቀበላል፣ ወይ "ለእግዜር ሰጥቻለሁ" ብሎ ይሄዳል። እዚህ የምጽፈው ሦስተኛ መንገድ ስላገኘ ሰው ነው። ያልተከፈለውን ደመወዝ ወደ አክሲዮን ለውጦ የከሰረውን ድርጅት ራሱን ያዘው። ድርጅቱ የበረዶ ሆኪ ክለብ ነው፤ የአሜሪካው ፒትስበርግ ፔንግዊንስ። ሰውየው ደግሞ ለክለቡ ከተጫወቱት ሁሉ ታላቅ የሚባለው ነው።

በጉዳይ ጥናት ልማድ ሰዎቹን በስም አልጠራም። ሆኪ የሚከታተል ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ለማያውቀው ደግሞ ከስሙ ይልቅ ያደረገው ነገር ይጠቅመዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት የዚህ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ በግማሹ ስለሚነገር ነው። የጎሎቹ ቪዲዮ በየቦታው አለ። ካንሰር ይዞት መመለሱም በደንብ ይተረካል። የገንዘቡ ጉዳይ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው እሱ ይመስለኛል።

## መነሻው

በ1965 ሞንትሪያል፣ ካናዳ ውስጥ፣ ቪል ኤማር በሚባል የሠራተኞች ሰፈር ተወለደ። ቤቱ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉበት፤ እሱ የመጨረሻው ነው። ቤተሰቡ በረዶ ከውጭ እያስገባ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ይደለድልላቸው ነበር። ልጆቹ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ውጭው ከጨለመ በኋላም፣ ይለማመዳሉ። ምንጣፉ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ወላጆቹ ግን ፈቅደውት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሁለት ነገር ልበል። በበረዶ ሆኪ አንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ያሰልፋል፤ ፓክ የሚባለውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ በዱላ እየመቱ ጎል ለማስቆጠር ይሽቀዳደማሉ። ሁለተኛው፣ ተጫዋች የሚለካው በጎል ብቻ አይደለም። ጎል ሲያገባ አንድ ነጥብ፣ ጎል የሆነ ፓክ ሲያቀብልም አንድ ነጥብ ይያዝለታል። በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በአንድ የውድድር ዘመን 100 ነጥብ ያገኘ ሰው ኮከብ ነው።

ይህ ልጅ በ1983–84 ላቫል በሚባል የወጣቶች ክለብ በ70 ጨዋታ 133 ጎል አግብቶ 282 ነጥብ ሰበሰበ። ወደ መጨረሻው ጨዋታ ሲገባ የሊጉን የጎል ክብረ ወሰን ለመጋራት ሦስት ጎል ይጎድለው ነበር። ስድስት አገባ።

በዚያው ዓመት ፒትስበርግ በሊጉ መጨረሻ ደረጃ ላይ ነበር። ከተማው የብረት ከተማ ነው፤ የብረት ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ሥራ አጡ የበዛበት ጊዜ ነው። ክለቡ በ1975 አንድ ጊዜ ከስሮ ያውቃል። በ1983–84 በአማካይ ከ7,000 ያነሰ ተመልካች ነበር የሚገባለት። የሊጉ ሕግ ደካማው ክለብ ከአዲሶቹ ወጣቶች ቀድሞ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ፒትስበርግም በ1984 ይህን ልጅ አንደኛ ብሎ መረጠው።

እንግሊዝኛ ብዙም አይችልም ነበር። የተሳፈረው አንድ የፒትስበርግ ቤተሰብ ቤት ነው። ቋንቋውን ያሻሻለው በአብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ ተከታታይ ድራማ እያየ ነው። ይህን ቤተሰብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ19 ዓመቱ ቦስተን ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ሜዳ በገባበት የመጀመሪያ ዙር፣ በዘመኑ ከምርጦቹ አንዱ ከነበረ ተከላካይ ፓኩን ነጥቆ፣ በመጀመሪያ ምቱ ጎል አገባ። ዘመኑን በ100 ነጥብ ጨረሰ። በ1988–89 199 ነጥብ ደረሰ። በዚያው ዓመት የዲሴምበር 31 ምሽት፣ ኒው ጀርሲ ላይ አምስት ጎል በአምስት ዓይነት መንገድ አስቆጠረ፦ ቡድኖቹ እኩል ሳሉ፣ የእሱ ቡድን በቁጥር ሲበልጥ፣ የእሱ ቡድን በቁጥር ሲያንስ፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በረኛው ወጥቶ ጎሉ ባዶ ሲሆን። ይህን በአንድ ጨዋታ ያደረገ ሌላ ሰው የለም።

## የመጀመሪያው ችግር፦ አካሉ

ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው። የሚያውቁት ተከላካዮች በጉልበት ሊያስቆሙት ሲያቅታቸው ይንጠለጠሉበታል፣ በዱላ ይጎትቱታል። ጀርባው ቀስ በቀስ ተጎዳ። በ1989–90 በ46 ተከታታይ ጨዋታዎች ነጥብ ካስመዘገበ በኋላ፣ ኒውዮርክ ላይ ሕመሙ ጸንቶበት ራሱ ጨዋታ አቋርጦ ወጣ። የአከርካሪው ዲስክ ተንሸራትቶ ነበር።

የሕመሙን ልክ ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል። ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ ክር ማሰር አይችልም ነበር። የክለቡ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ተንበርክኮ ያስርለታል። ከዚያ ይነሳና በረዶው ላይ ወጥቶ የዓለምን ምርጥ ተከላካዮች ያልፋል።

በ1990 ክረምት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ኢንፌክሽን ተከተለ። የቀጣዩን ዘመን የመጀመሪያ 50 ጨዋታዎች አልጋና ሶፋ ላይ ሆኖ አሳለፈ። ሲመለስ ግን ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫው በሚደረገው ማጣሪያ በ23 ጨዋታ 44 ነጥብ ሰብስቦ ክለቡን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ዋንጫ፣ የስታንሊ ካፕ፣ ባለቤት አደረገው። ይህ በ1991 ነው። በ1992 ደገሙት።

በጃንዋሪ 1993 አንገቱ ላይ የነበረ እብጠት ወጥቶ ሲመረመር ሆጅኪን የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው 27 ነው። በጊዜ ስለተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነበር። 22 ጊዜ የጨረር ሕክምና ወሰደ። የመጨረሻው ማርች 2 ቀን ላይ ነበር። በዚያው ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ ፊላደልፊያ ሄደ፤ ማታ ተጫወተ፤ አንድ ጎል አግብቶ አንድ አቀበለ። ፊላደልፊያ የፒትስበርግ ደመኛ ናት። የዚያ ከተማ ደጋፊ ለተቃራኒ ተጫዋች አይራራም። ያን ምሽት ግን ሕዝቡ ብድግ ብሎ ረጅም ጭብጨባ ሰጠው።

ሲመለስ በነጥብ ሰንጠረዡ ላይ ከመሪው በ12 ያንስ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ በ12 በልጦ ተገኘ። በ60 ጨዋታ 160 ነጥብ። ክለቡም 17 ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈ፤ በሊጉ ታሪክ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ነው። ዋንጫው ግን አልመጣም። በሁለተኛው ዙር በሰባተኛው ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት ተሸንፈው ወጡ።

ይህ ክፍል ሲተረክ እዚህ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ የሆነው ግን ለእኔ የበለጠ ክብደት አለው። በ1993 ጀርባው ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በተከታዩ ዘመን 22 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ድካሙ አልለቀውም። ሐኪሞቹ ጨረሩ ያስከተለው ድካምና የደም ማነስ ነው አሉ። እሱም የ1994–95ን ዘመን ሙሉ በሙሉ እንደማይጫወት አሳወቀ። በ28 ዓመቱ፣ በጉልበቱ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሙሉ ዓመት ተወ።

በ1995–96 ተመልሶ በ70 ጨዋታ 161 ነጥብ አገኘ። ለካንሰር ሕሙማን የማርች 2ቱን ምሽት ብቻ መንገር ጉዳት አለው ባይ ነኝ። ሕክምና በጨረሱ ማግስት እንደ ድሮ መሆን ያለባቸው ይመስላቸዋል። ይህ ሰው ራሱ አልቻለም። የዳነው ቁጭ ብሎ ነው።

በ1997፣ በ31 ዓመቱ፣ በቃኝ አለ። ጀርባው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የጨዋታው ሁኔታ ነው፤ ዳኞች መጎተትና መያዝን እየተዉ ችሎታ ያለው ሰው መጫወት አልቻለም ብሎ ለዓመታት ሲከራከር ነበር። የሆኪ የክብር ማኅደር ሦስት ዓመት የመጠበቅ ደንቡን አንስቶለት በዚያው ዓመት አስገባው። ታሪኩ ያለቀ መሰለ።

## ሁለተኛው ችግር፦ በይደር የቀረው ደመወዝ

በ1992 ከክለቡ ጋር የሰባት ዓመት፣ የ42 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራርሞ ነበር። የክለቡ ባለቤቶች ያኔ አዲስ ናቸው። ሁለት ዋንጫ ያመጣውን ቡድን ሳይበትኑ ለማቆየት ከአቅም በላይ ውል ይፈርማሉ፣ በእጃቸው ግን ጥሬ ገንዘብ የለም። መፍትሔያቸው ተጫዋቾቹን መለመን ነበር፦ ከደመወዝህ ይህን ያህሉን አሁን ውሰድ፣ የቀረው በይደር ይቆይልህ።

እንዲህ ዓይነቱ ስምምነት ለሠራተኛው የተቀመጠ ገንዘብ ይመስላል። አይደለም። ባንክ ውስጥ በስሙ የገባ ነገር የለም። ሠራተኛው ሳያስበው ለአሠሪው ብድር ሰጥቷል፤ ያውም ያለ መያዣ። ባንክ ቢሆን ሕንፃ ወይም መኪና ሳይዝ አንድ ብር አይሰጥም። ሠራተኛው የያዘው ቃልና ወረቀት ነው።

በ1998 መጸው ክለቡ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዕዳው ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ 32.5 ሚሊዮን ዶላሩ የጡረተኛው ተጫዋች በይደር የቀረ ደመወዝ ነው። መያዣ ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ትልቁ እሱ ነበር።

በአሜሪካ ሕግ ይህ ዓይነቱ ኪሳራ ድርጅቱን ወዲያው አይዘጋም። ፍርድ ቤቱ ገንዘብ ጠያቂዎችን ገታ አድርጎ ትንፋሽ ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ድርጅቱን የሚያድን እቅድ ያለው ሰው ያቀርባል፤ ገንዘብ ጠያቂዎች ድምፅ ይሰጡበታል፤ ዳኛው ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ገንዘብ ሲከፈል ወረፋ አለ። መያዣ ያለው ይቀድማል። መያዣ የሌለው ከተረፈ ያገኛል። ባለአክሲዮን የሁሉም መጨረሻ ነው።

የክለቡ ሌሎች አማራጮች ሁለት ነበሩ፦ ወደ ሌላ ከተማ መሸጥ ወይም መፍረስ። በሁለቱም መንገድ የእሱ 32.5 ሚሊዮን በአብዛኛው እንደሚቀልጥ ግልጽ ነበር።

## የተወሰደው እርምጃ

ተጫዋቹ የራሱን እቅድ ይዞ ቀረበ። ከሚጠይቀው ገንዘብ 20 ሚሊዮን ዶላሩ ወደ ድርሻ ይለወጥ አለ። ከኪሱ 5 ሚሊዮን ገደማ ጨመረ። ሌሎች ባለሀብቶችን አሰባሰበ። እዚህ ላይ ሥራው የስፖርተኛ ሥራ አልነበረም። ስታዲየሙን ከሚያስተዳድረው ኩባንያና ጨዋታውን በቴሌቪዥን ከሚያስተላልፈው ድርጅት ጋር መስማማት ነበረበት። ሁለቱም የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። የሊጉ ኃላፊዎችም መስማማት ነበረባቸው። ወራት ፈጀ። በጁን 1999 ፍርድ ቤቱ እቅዱን አጸደቀ፤ በሴፕቴምበር ክለቡን ተረከበ። ዕድሜው 33 ነው።

ሌሎቹ ለምን እሺ አሉ? በእኔ አመለካከት ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛው ሂሳብ ነው። ትልቁ ጠያቂ አብዛኛውን ጥያቄውን በጥሬ ገንዘብ ካልፈለገ ለሌላው የሚተርፍ ነገር ይኖራል። ሁለተኛው ስሙ ነው። ከተማው ውስጥ ክለቡን ከሱ በላይ የሚያምነው ሰው አልነበረም፤ ቲኬት የሚገዛው ደግሞ ያ ሕዝብ ነው። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ከሱ የተሻለ እቅድ ይዞ የመጣ የለም።

ብዙ የማይነገርለት ውጤት አለ። በ2005 የከተማው ጋዜጣ በእቅዱ መሠረት ለገንዘብ ጠያቂዎቹ የተገባው ዕዳ ተከፍሎ ማለቁን ዘገበ። በኪሳራ ጉዳይ ሰው ከዶላሩ ጥቂት ሳንቲም ካገኘ ዕድለኛ ነው። እነዚህ ግን ተከፈሉ።

## ባለቤቱ ሜዳ ገባ

በዲሴምበር 2000 ተመልሼ እጫወታለሁ አለ። የክብር ማኅደር ከገባ በኋላ ተመልሶ የተጫወተ ከሱ በፊት ሁለት ሰው ብቻ ነው። ባለቤት ሆኖ የተመለሰ ግን አልነበረም።

ዲሴምበር 27 ቶሮንቶ መጣ። 66 ቁጥሩ በክብር ከተሰቀለበት የስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። የተሰቀለ ማሊያ ሲወርድ ማየት ለደጋፊው እንግዳ ነገር ነው፤ ማሊያ የሚሰቀለው ላይወርድ ነው። ጨዋታው ተጀምሮ 33 ሰከንድ ሳይሞላ ጎል አቀበለ። ምሽቱን በአንድ ጎልና በሁለት ማቀበል ጨረሰ። ከሦስት ዓመት ተኩል ዕረፍት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በቀሩት ጨዋታዎች፣ በ43ቱ፣ 76 ነጥብ ሰበሰበ።

እንደ ንግድ ካየነው ባለቤቱ ለድርጅቱ ያለውን ውድ ንብረት መልሶ ሥራ ላይ አዋለ። ንብረቱ እሱ ራሱ ነው። ቲኬቱ ተሸጠ፤ በቴሌቪዥንም ሕዝብ ተመለከተው።

በ2002 በሶልት ሌክ ኦሎምፒክ የካናዳ አምበል ነበር። ካናዳ በወንዶች ሆኪ ለ50 ዓመት ወርቅ አላገኘችም። በፍጻሜው አሜሪካን ላይ የተላከለትን ፓክ የሚመታ መስሎ ዱላውን አዘጋጀ፤ በረኛው ወደ እሱ ዞረ። እሱ ግን ሳይነካው በእግሮቹ መሃል አሳለፈው፤ ከጀርባው የመጣ ጓደኛው ባዶ ጎል አገኘ። ምንም ሳይነካ የሠራው ጎል ነው። ካናዳ 5 ለ 2 አሸነፈች።

## ያልሠራው

ድሉ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር ማለት ይቻላል። ትንሽ ገበያ ያለው ከተማ ከትልልቆቹ ጋር በደመወዝ መፎካከር አልቻለም። በ2001 ክለቡ ከቼክ የመጣውን ትልቁን ኮከቡን ለዋሽንግተን ሰጠ። በምትኩ ሦስት ወጣቶች ተቀበለ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ትልቅ ተጫዋች አልሆኑም። ከዚያ ተከታትለው በተካሄዱት አራት ዘመናት ለማጣሪያው አላለፉም። በ2003–04 በሊጉ መጨረሻ ሆኑ፤ ወንበሩም ባዶውን ቀረ።

የባለቤቱም አካል እንደገና ከዳው። ዳሌው ተጎዳ፤ በ2003–04 አሥር ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። በ2005 መጨረሻ የልብ ምቱ መዛባት ጀመረ። በጃንዋሪ 2006፣ በ40 ዓመቱ፣ ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ አቆመ። በ915 ጨዋታ 690 ጎል፣ 1,723 ነጥብ። በአማካይ በጨዋታ 1.88 ነው፤ ከሱ የሚበልጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የአክሲዮኑ እቅድ ክለቡን ከሞት አዳነው እንጂ ጤነኛ አላደረገውም። ያደረገው በ2004–05 ሊጉ ሙሉ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ የመጣው የደመወዝ ጣሪያ ነው። ሀብታሙም ድሃውም ክለብ ከአንድ ልክ በላይ መክፈል አይችልም ተባለ። በዚያው ክረምት የወጣቶች ምርጫ ቅደም ተከተል በሠላሳውም ክለቦች መካከል በዕጣ ወጣ። ፒትስበርግ የተሻለ ዕድል ከነበራቸው አራት ክለቦች አንዱ ነበር፤ ዕጣውም ወጣለት። የትውልዱ ምርጥ የተባለውን ልጅ ከኖቫ ስኮሺያ አመጣ። ይህ ዕድል ነው፤ የእቅድ ውጤት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ልጁ ሲመጣ ግን የተደረገው ነገር ዕድል አይደለም። የ18 ዓመቱ ወጣት በባለቤቱ ቤት ከልጆቹ ጋር እንዲኖር ተደረገ። እስከ 2010 እዚያው ኖረ። በ1984 እንግሊዝኛ የማይችለውን የሞንትሪያል ልጅ አንድ ቤተሰብ ያስጠጋው እንደነበር አስቀድሜ ጽፌያለሁ።

## የስታዲየሙ ድርድር

የቀረው ትልቁ ቀዳዳ ስታዲየሙ ነበር። በ1961 የተከፈተ፣ ሊጉ ውስጥ ከሁሉም ያረጀ ቤት ነበር። ከሱ የሚገኘው ገቢ ክለብ አያኖርም። ባለቤቶቹ መጀመሪያ በቁማር ቤት ፈቃድ ላይ ተስፋ ጣሉ። አንድ ኩባንያ ፈቃዱን ካገኘ 290 ሚሊዮን ዶላር ለአዲስ ስታዲየም እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። በዲሴምበር 2006 ፈቃዱ ለሌላ ተሰጠ። በዚያው ወር ክለቡን በ175 ሚሊዮን ሊገዛ የነበረ ካናዳዊ ባለሀብት ራሱን አገለለ። በአንድ ወር ሁለት በር ተዘጋ።

ባለቤቶቹ ካንሳስ ሲቲ ሄዱ። እዚያ አዲስ ስታዲየም ቡድን እየጠበቀ ነበር፤ ያለ ኪራይ ኑ አላቸው። ፒትስበርግ ተደናገጠች። በማርች 2007 ከክፍለ ሀገሩና ከከተማው ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ አዲሱ ስታዲየም በ2010 ተከፈተ። ያ ጉዞ ከተማውን ለመጫን እንጂ የመሄድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው በኋላ ራሱ ተናግሯል። ድርድሩ ሠርቷል። ቢሆንም ይህን ክፍል በሙሉ ልብ አላደንቀውም። የደጋፊው ድንጋጤ እውነተኛ ነበር፤ የስታዲየሙ ወጪ ከፊሉም የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ክለቡ በ2009፣ በ2016 እና በ2017 ዋንጫውን አነሳ። ስሙ በስታንሊ ካፕ ላይ በተጫዋችነትም በባለቤትነትም የተቀረጸ ሰው እሱ ብቻ ነው። በ2021 የክለቡ ዋና ድርሻ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

በ1993፣ በታመመበት ዓመት፣ የካንሰር ምርምር የሚደግፍ ፋውንዴሽን አቋቁሞ ነበር። በኋላ አንድ ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ ቤተሰቡ ሆስፒታል ሲመላለስ፣ ትልልቆቹ ልጆች የሚቆዩበት ቦታ አልነበረም። ፋውንዴሽኑ በየሆስፒታሉ የልጆች መጫወቻ ክፍል መሥራት ጀመረ። ታማሚ ላለበት ቤት የሚጎድለው ምን እንደሆነ ከውስጥ ያየ ሰው ሥራ ነው።

## ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገረው

ከሕመሙ የሚወሰደው አጭር ነው። የመመለሻ ቀን ከመቁረጥ በፊት የማረፊያ ጊዜ መቁረጥ ያስፈልጋል። እሱ ይህን ያደረገው ከተመለሰ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ ሲያደርገው ግን ሙሉ ዓመት ነው የሰጠው።

ከገንዘቡ የሚወሰደው ረዘም ይላል። በአገራችን የእግር ኳስ ክለቦችም ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት የሚቆዩ ተጫዋቾች ወሬ አዲስ አይደለም። በግል ድርጅት የሚሠራም ሰው "ትንሽ ታገሱን" መባሉን ያውቀዋል። የታገሠ ሰው አበዳሪ ሆኗል። ይህን ካወቀ የአበዳሪ ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል፦ መቼ ይከፈለኛል? በጽሑፍ ነው? መያዣው ምንድን ነው? ከኔ በፊት ወረፋ የያዘ ማን አለ?

ወደ ድርሻ መለወጥ ግን ለሁሉም የሚመከር አይደለም። ገንዘብ ጠያቂ ወደ ባለአክሲዮንነት ሲሻገር ከወረፋው መሃል ተነስቶ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ድርጅቱ እንደገና ከከሰረ ምንም አያገኝም። በዚህ ጉዳይ የሠራው ሁለት ነገር ስለነበረ ነው። ክለቡ ዕዳ እንጂ ደጋፊ አላጣም። ጠያቂውም ድርጅቱን ከውስጥ ያውቀዋል፤ የት እንደሚደማ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ምን ቢደረግ ሕዝቡ እንደሚመጣ። የሚሸጠው ነገር የሌለውን ድርጅት አክሲዮን መቀበል የጠፋውን ገንዘብ በሌላ ስም መመዝገብ ብቻ ነው።

የማይሻገረው ደግሞ አቅሙ ነው። 32.5 ሚሊዮን የሚጠይቅ ሰው ሳይጠራ እቅድ ማጽደቅ ይከብዳል። የሦስት ወር ደመወዝ የቀረበት ሠራተኛ ብቻውን ማንም አይሰማውም። አርባ ሠራተኞች ጥያቄያቸውን አንድ ላይ አስልተው በአንድ ጠበቃ ሲያቀርቡ ግን ከትልልቆቹ ጠያቂዎች አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ለማድረግ የሚመቸው ጊዜ ድርጅቱ ገና በሩን ሳይዘጋ ነው። እያንዳንዱ የቀረበትን ወርና መጠን፣ አሠሪው ያመነበትን ደብዳቤ ወይም መልእክት፣ የተፈረመውን ውል ቅጂ ይዞ መገኘት አለበት።